ከሞተር ክፍል የሚታየው የኮራል ሪፍ

ለዕረፍት ወደ ሐዋሳ በመጣሁ ቁጥር የሰፈር ልጆችም፣ የእናቴ የዕድር ወዳጆችም የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፦ በመርከብ ስትሄድ የባሕሩን ውስጥ ታያለህ ወይ? በቴሌቪዥን የሚያዩት ኅብረ ቀለም ኮራል፣ ኤሊው፣ ሻርኩ በየቀኑ በፊቴ የሚያልፍ ይመስላቸዋል። አላይም። የመርከብ መሐንዲስ ነኝ፤ የምሠራው ከውሃው ወለል በታች፣ መስኮት በሌለው የሞተር ክፍል ውስጥ ነው። መርከባችን በአውስትራሊያው ታላቅ የኮራል ሪፍ አጠገብ ሲያልፍ እኔ ፊት ለፊቴ የማየው የጋለ ብረት፣ የዘይት ማጣሪያና የግፊት መለኪያ ነው። ያም ሆኖ ስለ ኮራል ሪፍ ከልቤ የምለው አለኝ። ከብዙ ዓመት የባሕር ላይ ሥራ በኋላ የገባኝ ነገር ቢኖር ሪፍን የሚጠብቁትም ሆነ የሚያጠፉት በአብዛኛው ሪፉን አይተውት የማያውቁ ሰዎች መሆናቸው ነው።

በየፈረቃችን ከምንመዘግባቸው ቁጥሮች አንዱ ወደ መርከቡ የሚገባው የባሕር ውሃ ሙቀት ነው። የመርከብ ሞተር በስተመጨረሻ የሚቀዘቅዘው በባሕር ውሃ ነው፤ ውሃው ከመርከቡ ጎን ተስቦ ይገባል፣ በማቀዝቀዣው ውስጥ ያልፋል፣ የሞተሩን ትኩሳት ተሸክሞ ይወጣል። ከፓምፑ አጠገብ ያለውን ቴርሞሜትር አንብቤ ቁጥሩን መዝገብ ላይ አሰፍራለሁ። የነሐሴ ጉዞ ከሆነ ስዊዝን አልፈን ወደ ደቡብ ስንወርድ ቁጥሩ ከፈረቃ ፈረቃ ከፍ እያለ ይሄዳል፤ ምጽዋ ትይዩ ስንደርስ 32 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ይሆናል፣ አንዳንዴም ያልፋል። መርከብ የሚነድፉ መሐንዲሶች የማቀዝቀዣውን ሥርዓት የሚሠሩት የባሕሩ ውሃ ቢበዛ 32 ዲግሪ ይደርሳል ብለው አስበው ነው። ቁጥሩ ከዚያ ሲዘል እኛ ታች ያለነው ሥራ ይበዛብናል። ማቀዝቀዣው ይጸዳል፣ ተጨማሪ ፓምፕ ይነሣል፣ ካልሆነም የሞተሩ ጉልበት ይቀነሳል። ከመርከቡ ውጭ፣ በዚያው ውሃ ውስጥ ያለው ኮራል ግን የሚያስነሣው ፓምፕ የለውም።

ኮራል ሲያዩት ድንጋይ ይመስላል እንጂ እንስሳ ነው። ፖሊፕ የሚባሉ ጥቃቅን ፍጥረታት በሺህ ተሰባስበው፣ ከባሕሩ ውሃ ኖራ እያወጡ ከበታቻቸው አጥንት ይሠራሉ፤ ያ አጥንት በትውልድ ላይ ትውልድ ሲደራረብ ሪፍ ይሆናል። በፖሊፖቹ ሥጋ ውስጥ ደግሞ በዓይን የማይታይ አልጌ ይኖራል። አልጌው በፀሐይ ብርሃን ምግብ ያዘጋጃል፣ አብዛኛውን ለኮራሉ ይሰጣል፣ መጠለያ ያገኛል። ቀለሙም የሚመጣው ከእርሱ ነው። የውሃው ሙቀት ቦታው በዓመቱ ሞቃት ወር ከለመደው በአንድ ዲግሪ ብቻ በልጦ ለሳምንታት ከቆየ ይህ አብሮ መኖር ይፈርሳል። ኮራሉ አልጌውን ከሥጋው ያስወጣዋል፤ ነጭ አጥንቱ በስስ ሥጋው ውስጥ ያሳያል። የነጣ ኮራል ገና አልሞተም፤ ተርቧል። ሙቀቱ ቶሎ ከበረደ አልጌው ተመልሶ ይገባል። ካልበረደ ግን ያ ሁሉ ከተማ በአረንጓዴ ሻጋታ መሰል አልጌ ይሸፈንና ዓሣው ጥሎት ይሄዳል።

የአውስትራሊያው ታላቅ ሪፍ እ.ኤ.አ. በ1998 እና በ2002 በሰፊው ነጣ። ከዚያ ፋታው አጠረ፦ 2016፣ 2017፣ 2020፣ 2022፣ 2024። የተጎዳ ኮራል መልሶ ለመቋቋም አሥር ዓመትና ከዚያም በላይ ይፈልጋል፤ እነዚህን ዓመታት ደርድሮ ያየ ሰው ችግሩ የት ላይ እንዳለ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም። በ2024 ደግሞ አራተኛው ዓለም አቀፍ የኮራል መንጣት መከሰቱ በይፋ ተገለጸ። እኔ ያኔ የጻፍኳቸው ቁጥሮች አሁንም በአንድ መርከብ መዝገብ ውስጥ አሉ። ለሞተሩ ብዬ የጻፍኳቸው ናቸው፤ የዜናውን ዘገባ ሳነብ ግን ያንኑ ባሕር በራሴ እጅ ስለካው እንደነበር ተረዳሁ።

ቀይ ባሕር በዚህ ነገር የተለየ ነው፤ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ቅርብ ስለሆነም ልዘርዝረው። ደቡቡ እጅግ ሞቃት ነው፤ ወደ ሰሜን፣ ወደ ዐቃባ ባሕረ ሰላጤ ሲወጣ በበርካታ ዲግሪ ይቀዘቅዛል። ከመጨረሻው የበረዶ ዘመን በኋላ ከሕንድ ውቅያኖስ በባብ ኤል መንደብ የገቡት ኮራሎች ወደ ሰሜን የደረሱት በዚያ ትኩስ በር አልፈው ነው። ሙቀት የማይችለው እዚያው ቀረ፣ የቻለው አለፈ። ስለዚህ ተመራማሪዎች እንደሚሉት ዛሬ ዐቃባ ውስጥ ያለው ኮራል ከሚኖርበት ሙቀት በላይ ብዙ ዲግሪ የመቋቋም አቅም በዘሩ ይዟል። በሌላው ዓለም ኮራል ሲያልቅ ምናልባት መጨረሻ ላይ የሚቀረው ይህ ይሆናል። ግብፅ በሲና ጫፍ የሚገኘውን ራስ ሙሐመድን እ.ኤ.አ. በ1983 ብሔራዊ ፓርክ አድርጋዋለች። ሱዳን ሳንጋኔብ የሚባለውን ሪፍ በ1990 ከለለች፤ በ2016 ከዱንጎናብ ባሕረ ሰላጤ ጋር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ሙቀት የቻለን ኮራል በፍሳሽ፣ በመልሕቅና በዘይት መግደል ከሁሉ የከፋ ጥፋት ነው። ይህን ስል ግነት አይደለም።

አሁን ወደ ሥራዬ ልመለስ። መርከቦች ባሕርን እንዳይበክሉ የሚደነግገው ማርፖል የሚባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1973 ወጥቶ በ1978 የተሻሻለ ነው። ቢሾፍቱ ባቦጋያ ሐይቅ ዳር ስንማር በቃላችን ያጠናነው ነው፤ ያኔ ግን ለፈተና ነበር። በስምምነቱ ትርጓሜ ክፍል ውስጥ አንድ አንቀጽ አለ። አንድ መርከብ ቆሻሻ ለማስወገድ ከየብስ ምን ያህል መራቅ እንዳለበት የሚለካው ከባሕር ዳርቻ ጀምሮ ነው። ሰሜን ምሥራቅ አውስትራሊያ ላይ ሲደርስ ግን ሕጉ አካሄዱን ይለውጣል። ርቀቱ የሚለካው ከዳርቻው መሆኑ ይቀርና ከታላቁ ሪፍ ውጫዊ ጠርዝ ውጭ ከተሰመረ መስመር ይሆናል፤ መስመሩም በኬክሮስና በኬንትሮስ ነጥብ በነጥብ ተዘርዝሯል። በሌላ አነጋገር፣ በሕጉ ፊት ሪፉ የብስ ነው። ከሪፉ ወዲህ ያለው ውሃ በሙሉ፣ አንዳንዱ ቦታ ከዳርቻው ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ የሚርቅ ቢሆንም፣ እንደ ሰው ግቢ ይቆጠራል። ያልተፈጨ የምግብ ትርፍ እንኳ ከዚያ መስመር 12 የባሕር ማይል ሳይርቁ አይጣልም። ፕላስቲክማ የትም ባሕር ላይ ክልክል ነው።

ይህን አንቀጽ ያረቀቁትን ሰዎች አመሰግናቸዋለሁ። እነዚያ የኬክሮስ ቁጥሮች ናቸው የወጥ ቤታችንን ባልዲ በማቀዝቀዣ ክፍል ውስጥ የሚያስቀምጡት።

የእኔ ድርሻ ባልዲው ሳይሆን ዘይቱ ነው። በሞተር ክፍል ወለል ሥር ሁልጊዜ ውሃ ይጠራቀማል፤ ከፓምፕ የሚንጠባጠብ፣ ከቧንቧ የሚያልበው፣ ወለል የታጠበበት፣ ሁሉም ከዘይት ጋር ተደባልቆ ጥቁር ይሆናል። ይህን ውሃ ዘይትና ውሃ በሚለይ ማሽን ሳያሳልፉ ወደ ባሕር መልቀቅ ወንጀል ነው። የሚወጣው ውሃ ውስጥ የሚፈቀደው ዘይት ከሚሊዮን እጅ 15 እጅ ብቻ ነው። ከዚያ ካለፈ መለኪያው ይጮኻል፤ ቫልቩም በራሱ ተገልብጦ ውሃውን ወደ ታንኩ ይመልሰዋል። ወደ ሪፍ ክልል ስንቃረብ ግን ማሽኑን ጭራሽ እናጠፋዋለን። ወደ ባሕር የሚያስወጣውን ቫልቭ እስኪጠብቅ እዘጋለሁ፤ እጀታውን በሰንሰለት አስሬ ቁጥር የታተመበትን የፕላስቲክ ማኅተም አስገባበታለሁ፤ ቀጭኗ ጅራት ቀጭ ብላ ስትነክስ ይሰማኛል። ቁጥሩን፣ ሰዓቱንና መርከቡ ያለበትን ቦታ በዘይት መዝገቡ ላይ አሰፍራለሁ፣ ፊርማዬን አኖራለሁ። አንድ መርከበኛ ለሪፍ የሚያደርገው ነገር ይህን ይመስላል። ሥራው በሙሉ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፤ እጄም በዘይት የጠቆረ ነው።

ሁሉም አያደርገውም። መርከበኞች አስማተኛው ቧንቧ የሚሉት ነገር አለ፤ ማሽኑን ዘሎ ጥቁሩን ውሃ በጨለማ በቀጥታ ወደ ባሕር የሚያደርስ በቦልት የሚገጠም ቧንቧ ነው። ወደብ ሲደረስ ይፈታል። አሜሪካ ውስጥ በዚህ ድርጊት የተያዙ ኩባንያዎች በሚሊዮን የሚቆጠር ዶላር ተቀጥተዋል፤ ምስጢሩን ያወጡት ብዙ ጊዜ ተራ የሞተር ክፍል ሠራተኞች ናቸው። እኔ በሠራሁበት አንድ መርከብ ላይ አንድ የበላይ እንዲህ ያለውን ነገር እንደ ዋዛ አንሥቶት ነበር። መልስ ሳይሰጠው የቀረ ሰው ብዙ ነበር፤ አይሆንም ያለው ግን አንድ ሽማግሌ ቅባት ሠራተኛ ብቻ ነበር፣ በዚህም ነገሩ ቆመ። የእርሱን ድፍረት አልረሳውም።

ታላቁ ሪፍ ጥሩ ሕግ ያለው ቦታ ነው። ፓርኩን ያቋቋመው ሕግ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1975 ነው፤ 344,400 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ይሸፍናል፣ ርዝመቱ 2,300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በ2004 ክልሎቹ እንደገና ሲሸነሸኑ ዓሣ ማስገር ፈጽሞ የተከለከለበት ቦታ ከአምስት በመቶ ባነሰ ድርሻ ላይ ከነበረበት ወደ ሲሶ ያህል ከፍ አለ። አስጋሪዎች በጣም ተቆጥተው ነበር። ከዓመታት በኋላ በተከለከሉት ቦታዎች ያለው ዓሣ በቁጥርም በመጠንም በለጠ፤ ትልልቆቹ እናቶች ከሚጥሉት እንቁላል የሚፈለፈለው ጫጩት በሞገድ ተወስዶ ማስገር ወደሚፈቀድበት ውሃም ይደርሳል። መርከቦችን በተመለከተ ደግሞ ዓለም አቀፉ የባሕር ድርጅት በ1990 ልዩ ጥንቃቄ የሚሻ ባሕር ብሎ የሰየመው የመጀመሪያው ቦታ ይህ ሪፍ ነው። ከ1991 ጀምሮ ትልልቅ መርከቦች በውስጠኛው መንገድ ሲያልፉ አካባቢውን የሚያውቅ፣ ፓይለት የሚባል መንገድ መሪ የማሳፈር ግዴታ አለባቸው።

ሕግ ግን የደከመን ሰው አያነቃም። ሚያዝያ 3 ቀን 2010 እ.ኤ.አ. ሸን ነንግ 1 የተባለ የድንጋይ ከሰል ጫኝ መርከብ ከግላድስቶን ወደብ በወጣ በሰዓታት ውስጥ ዳግላስ ሾል የሚባል ሪፍ ላይ ወጣ። በመርከብ መምሪያ ክፍሉ ውስጥ ተረኛ የነበረው የመጀመሪያ መኮንን በጭነቱ ሥራ ምክንያት በቂ እንቅልፍ አልተኛም ነበር፤ ምርመራው ያረጋገጠው ይህንን ነው። መርከቡ ሪፉ ላይ እየተጎተተ ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ጠባሳ ጥሎ ሄደ። ከሆዱ ላይ የተፋቀው ቀለም፣ ዛጎል እንዳይጣበቅበት በመርዝ የተሠራ ስለሆነ፣ ኮራሉ ለዓመታት ተመልሶ እንዳይበቅል አድርጓል።

ሁለተኛው ምሳሌ ደግሞ ዋካሺዮ የተባለው መርከብ ነው። ሐምሌ 25 ቀን 2020 እ.ኤ.አ. ባዶውን ይሄድ የነበረው ይህ ግዙፍ መርከብ ሞሪሽየስ ደሴት ሪፍ ላይ ወጣና 1,000 ቶን ያህል ነዳጅ አፈሰሰ። ዓሣ አስጋሪዎችና ተማሪዎች የሸንኮራ አገዳ ገለባ በጨርቅ እየሞሉ፣ አንዳንዶቹም ፀጉራቸውን እየተላጩ ዘይቱን የሚይዝ አጥር ሠሩ። መርከቡ ወደ ደሴቱ ለምን ቀረበ? ሠራተኞቹ የሞባይል ኔትወርክ ለማግኘት ነበር። ይህን የምርመራ ውጤት ሳነብ ለረጅም ጊዜ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። ወቅቱ የኮሮና ነበር፤ መርከበኞች ውላቸው አልቆ እንኳ ወደ አገራቸው መመለስ አልቻሉም ነበር። የእናትን ድምፅ ለመስማት መርከቡ ትንሽ ወደ ዳር ቢጠጋ ምን አለበት የሚለውን ስሜት አውቀዋለሁ። ስሜቱን ማወቄ ድርጊቱን ይቅር አያሰኘኝም። የሚያስቆጣኝ ግን ያን ያህል ዋጋ ያለው ጭነት የሚያመላልስ ኢንዱስትሪ ለሠራተኞቹ አስተማማኝ የስልክ መስመር መንፈጉ ነው። ሪፍ እንዲጠበቅ ከተፈለገ መርከበኛው መተኛት አለበት፣ ከቤተሰቡም መነጋገር አለበት። ይህ የተፈጥሮ ጥበቃ ጉዳይ ነው።

ይህ ሁሉ ሐዋሳ ላለ ሰው ምን ይመለከተዋል የሚለኝ ይኖራል። ጓዳችሁ ውስጥ ያለው ዘይት፣ መኪናችሁ የሚቀዳው ነዳጅ፣ ገበሬው የሚዘራበት ማዳበሪያ አብዛኛው በጅቡቲ በኩል ሲመጣ ሪፎችን ታክኮ ነው። የየመን ዳርቻ ላይ ሴፈር የሚባል ያረጀ የነዳጅ ማከማቻ መርከብ 1.14 ሚሊዮን በርሜል ድፍድፍ ነዳጅ እንደያዘ ለዓመታት ሲዝግ ኖረ። የተባበሩት መንግሥታት ሐምሌ 2023 እ.ኤ.አ. ማራገፍ ጀምሮ በነሐሴ ጨረሰ፤ ቢፈነዳ ኖሮ ደቡብ ቀይ ባሕር ምን ይመስል እንደነበር ማሰብ አልፈልግም። በቀጣዩ ዓመት ግን ሩቢማር የተባለ መርከብ በየካቲት በሚሳኤል ተመትቶ በመጋቢት መጀመሪያ ሰጠመ፤ የጫነው 21,000 ቶን ያህል ማዳበሪያ ነበር። ማዳበሪያ ውሃ ውስጥ ሲገባ የሚያበቅለው አልጌን ነው፤ አልጌ ደግሞ ኮራልን ሸፍኖ ብርሃን ይነሣዋል። ጣናን ወይም ቆቃን በእምቦጭ ተሸፍኖ ያየ ሰው ይህን ለመረዳት ሳይንቲስት መሆን አይጠበቅበትም።

ሪፍን በዓይኔ ያየሁት ጅቡቲ ላይ ነው። መርከባችን ጭነት ለማራገፍ ተራ ሲጠብቅ ዕረፍት ተሰጠንና ሙሻ ደሴት ሄድን፤ አካባቢው ከ1970ዎቹ ጀምሮ በሕግ የተጠበቀ ነው። የጀልባው ባለቤት መልሕቁን ከመጣሉ በፊት ጎንበስ ብሎ ውሃውን እያየ ጀልባዋን ወዲያና ወዲህ አደረጋት፤ አሸዋ እየፈለገ ነበር። ነጭ አሸዋ ሲያገኝ ብቻ ጣለው። መነጽር አድርጌ ፊቴን ውሃ ውስጥ ስከት መጀመሪያ የደረሰኝ የሚታየው ሳይሆን የሚሰማው ነገር ነው። ቅርጥፍ፣ ቅርጥፍ የሚል ድምፅ ከየአቅጣጫው ይመጣል፤ ቆሎ የሚቆረጥም ሰው አጠገብ የተቀመጥኩ ያህል ነበር። ድምፁ የፓሮት ዓሣ ነው። ሰማያዊና አረንጓዴ የሆነ፣ ጥርሱ እንደ በቀቀን ምንቃር የገጠመ ዓሣ ሪፉን እየነከሰ ከላዩ ያለውን አልጌ ይበላል፤ አብሮ የገባውን ኖራ ፈጭቶ ከኋላው ነጭ አሸዋ አድርጎ ይለቀዋል። ከአንዱ ኋላ ስከተል ያ ብናኝ እንደ ጢስ ተበትኖ ታች ሲሰፍር አየሁት። በኮራል ደሴቶች ላይ ቱሪስት የሚንከባለልበት ነጭ የባሕር ዳር አሸዋ ብዙው እንዲህ የተሠራ ነው። አልጌውን የሚያጸዳው ዓሣ ከሌለ ሪፉ ይታፈናል፤ ቤሊዝ እ.ኤ.አ. በ2009 ፓሮት ዓሣን ማጥመድ በአገር ደረጃ የከለከለችው ለዚህ ነው።

ከብዙዎቹ ጉዞዎቼ አብሮኝ የቆየው ጓደኛዬ ፊሊፒናዊ ነው፤ አገሩ ኔግሮስ ደሴት ነው። በእነርሱ በኩል ያለው ታሪክ ከአውስትራሊያው ይበልጥ ሆዴን ያባባል፣ ምክንያቱም ጀልባና መረብ እንጂ መንግሥታዊ አቅም የሌላቸው ሰዎች የሠሩት ነው። በአካባቢያቸው ያለው የሲሊማን ዩኒቨርሲቲ ባልደረባ የነበሩት የባሕር ሳይንቲስት አንጀል አልካላ ሱሚሎን በምትባል ትንሽ ደሴት እ.ኤ.አ. በ1974 ማስገር የተከለከለበት ቦታ እንዲቋቋም አደረጉ። ዓሣው በዛ፤ ከክልሉ ውጭ ያሉት አስጋሪዎችም የሚያገኙት ጨመረ። በ1984 ግን ጥበቃው ፈረሰና ሁሉም ገባ። የሚያሰግሩበት ቦታ ሰፋ፣ የሚያገኙት ዓሣ ግን በሁለት ዓመት ውስጥ ወደ ግማሽ ወረደ። ከዚህች ደሴት ብዙም የማትርቀው አፖ ግን በ1982 ከሪፏ ጥቂቱን ቆርጣ ከለለች፤ እስከ ዛሬም አልፈታችውም። እ.ኤ.አ. በ2011 እና በ2012 ሁለት ተከታታይ አውሎ ነፋሶች ያን የተከለለ ኮራል ሰባበሩት። ነዋሪዎቹ ክልከላውን አላነሡም፤ እንዲያገግም ትተውታል።

ይህን ታሪክ አሞራ ገደል በሚባለው የሐዋሳ ዓሣ ገበያ ለሚያውቁኝ አንድ አዛውንት ዓሣ አስጋሪ ነገርኳቸው። ጋሼ ከልጅነቴ ጀምሮ በዚያ ሐይቅ ላይ የኖሩ ሰው ናቸው። ጠዋት ነው፤ ጀልባዎቹ ገብተዋል፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች የዓሣ አንጀት እየጠበቁ እንደ ዘበኛ ቆመዋል። ጋሼ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ እየቆጠሩ ሰሙኝ። ሐዋሳ ሐይቅ ስፋቱ 90 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝም የለውም። የገባበት ሁሉ እዚያው ይቀራል። ኮራል የለንም፤ ነገር ግን ዓሣው የሚራባበት ፊላና ቄጤማ ያለበት ዳር አለን፤ እርሱም በየዓመቱ ይታጨዳል፣ ይቃጠላል፣ ለመዝናኛ ይደለደላል።

«እናቲቱ ቆሮሶ እንቁላሏንና ጫጩቶቿን በአፏ ይዛ ነው የምትዞረው» አሉኝ ጋሼ። «ፊላው ውስጥ መረብ ጥለህ ስታወጣት ደንግጣ ትተፋቸዋለች። ጀልባው ወለል ላይ ሲርመሰመሱ ታያለህ። እንደ ጤፍ። ማን ይመልሳቸዋል?»

ወጣት አስጋሪዎቹን ግን አልወቀሱም። ወጣቶቹ መረብ የገዙት በብድር መሆኑን፣ ዕዳ ያለበት ሰው ስለ ሚቀጥለው ዓመት ሊያስብ እንደማይችል ነገሩኝ። ዓሣ ማስገርን የሚመለከት አዋጅ ቁጥር 315 ከወጣ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ጋሼ መኖሩን ያውቃሉ። ያስጨነቃቸው ሌላ ነገር ነው። «ፊሊፒኖቹ ሌሊት ሌሊት ማን ይጠብቅላቸዋል?» ብለው ጠየቁኝ።

መልሱን ስላላወቅሁ ያኔውኑ ለጓደኛዬ በስልክ ላክሁለት። በዚያ ሰዓት ሕንድ ውቅያኖስ ላይ ስለነበረ መልሱ የመጣው በማግስቱ ነው። አፖ ላይ ሲጀመር የተቀጠረ ጠባቂ አልነበረም አለኝ። የተከለለው ቦታ ከመንደሩ ዳርቻ ስለሚታይ አንድ ሰው ተቀምጦ ቢያይ ይበቃ ነበር፤ የደሴቲቱ ቤተሰቦች በየተራ ወጡ። ኋላ ጎብኚ ሲበዛ የመግቢያ ክፍያ መጣ፣ ከርሱም ለጥበቃ ሥራ የሚውል ገንዘብ ተገኘ። ቦታውን የመረጡት ደግሞ ራሳቸው አስጋሪዎቹ ናቸው፤ ሳይንቲስቶቹ መከሩ እንጂ አልወሰኑም።

ለጋሼ አነበብኩላቸው። ጥቂት አሰቡና ጥቁር ውሃ የሚባለው ወንዝ ወደ ሐይቁ በሚገባበት በኩል ያለውን ዳር በአገጫቸው አመለከቱኝ። ከዚህ አይታይም፣ ስለዚህ አይሆንም አሉ። ቀጥለው ወደ ደቡብ ዞረው ሌላ የፊላ ጥግ አሳዩኝ፤ ከጀልባ ማቆሚያው ሆኖ ቀንም ማታም ይታያል፣ በጥር ቆሮሶ የሚከማችበትም ነው። ስንት ጀልባ እዚያ መረብ እንደሚጥል በጣታቸው ቆጠሩ፤ ከባለቤቶቹ ሁለቱ የእኅታቸው ልጆች ናቸው። በቅድሚያ ከእነርሱ ጋር እንደሚነጋገሩና በሚቀጥለው የማኅበሩ ስብሰባ ላይ የሱሚሎንን ነገር እኔው ራሴ እንድናገር፣ ከሙሻ ያነሣኋቸውን ፎቶዎችም በስልኬ እንዳሳይ ጠየቁኝ። የመርከብ ጥሪ ካልቀደመኝ እገኛለሁ፤ ከቀደመኝም ጽሑፉን ትቼላቸው እሄዳለሁ፣ የእኅታቸው ልጅ ያነብላቸዋል።